እኛ ስንተኛ ሥራው እንዳይተኛ፦ ተራርቀው ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባላቱ በተለያየ የሰዓት ክልል የሚኖሩ ቡድን ትልቁ ጥቅሙ አንዱ ሲተኛ ሌላው መንቃቱ ነው። ማታ የተገኘ ችግር ሲነጋ ተፈትቶ ሊጠብቅ ይችላል። ይህን ጥቅም በገዛ እጃችን ስናባክነው ማየት ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ጎዶሎ መልእክት ልኮ መተኛት ነው። አንዱ ሲመሽ «የመግቢያ ገጹ አይሠራም» ብሎ ይጽፍና ኮምፒውተሩን ይዘጋል። የአሥር ሰዓት ልዩነት ያለው ባልደረባው «በየትኛው ብራውዘር? ምን የሚል ስህተት አሳየህ?» ሲል ይጠይቃል። ጠያቂ ቢኖርም መላሽ የለም፤ ተኝቷል። መልሱ በማግስቱ ይመጣል፤ እሱም ለአንዱ ጥያቄ ብቻ። በዚህ መንገድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን ሲፈጅ ስንት ጊዜ አየሁ! ጀማሪ ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁ። እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደመጣ፣ የስህተቱን ሙሉ ጽሑፍና የኮዱን ስሪት ሳትጽፉ አትተኙ። አንባቢው መልሶ ሊጠይቃችሁ እንደማይችል ቆጥራችሁ ጻፉ።

የሰዓት ልዩነት ቋሚ አይደለም። ኒውዮርክና ለንደን አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሰዓት ይለያያሉ። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ ብሪታንያ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ በመካከሉ ልዩነቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮ ስትይዙ የዩቲሲውን (ዓለም በጋራ የሚጠቀምበትን መነሻ) ሰዓት አብራችሁ ጻፉ።

03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው፤ ዓመቱን አስቀድሙ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትሉ።

የሁለት ቡድኖች ሥራ የሚገናኝበትን ቦታ ሳይፈትኑ ማለፍ ደግሞ ብዙ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለው የናሳ መንኮራኩር የጠፋው፣ የአንዱ ወገን ሶፍትዌር በፓውንድ ያሰላውን ግፊት ሌላው በኒውተን እንደተሰላ አድርጎ ስለተጠቀመበት ነው። መለኪያው በስምምነት ሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ሰነድ ብቻውን አይበቃም፤ በየዕለቱ ራሱ የሚሮጥ ፈተና ጻፉለት።

በመጨረሻ፣ በጥሪ የተወሰነን ነገር ሳይጽፉ መተው። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ሰዎች ሲሠራ የኖረው፣ ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ እየተጻፈ ስለሚላክ ጭምር ነው። እኔና አንድ ባልደረባዬ ግን የአንድ ሠንጠረዥ ዓምድ ስም እንዲቀየር በጥሪ ተስማምተን ተለያየን። ሦስተኛው ባልደረባችን ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ቀኑን ሙሉ በአሮጌው ስም ሠራ፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ ወዲህ ጥሪ ሲያልቅ የተወሰነውን ሳልጽፍ ከወንበሬ አልነሳም።