ከሐዋሳ ሳነቴን ተሻግሮ ሐረና ጫካ፦ ሁለት ሆነው ለሚነዱ፣ ችግርና መፍትሄ

ከሐዋሳ ተነስተው በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርገው ጎባ፣ ከዚያም የባሌ ተራሮችን አምባ ሳነቴን ተሻግረው ወደ ሐረና ጫካ ለሚወርዱ ጥንዶች ሁሉም ሰው የሚመክረው ስለ ጭቃው ነው። ገመድ ይገዛል፣ አካፋ ይጫናል። በዚህ መንገድ መኪና የሚያስቆመው ግን ከጭቃው ይልቅ ከፍታው ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጫካውን ጨርሳችሁ ደሎ መና ከተማ ስትደርሱ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ናችሁ።

ሞተሩ ዳገት ላይ አቅም አጣ

ሳነቴ ላይ ያለው አየር ከሐዋሳው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይወርዳል። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን መኪና ጉልበት ከማጣት በቀር ሌላ ችግር አያሳይም። መፍትሄው ማርሽ መቀነስና ጋቢናው ውስጥ ኤሲ ካለ ማጥፋት ነው። ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚያደባልቅ ክፍል) ያለው አሮጌ መኪና ግን ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ቆሞ ሲሠራ ይንገጫገጫል፤ ለትንሽ አየር ብዙ ነዳጅ እየሰጠ ነውና። ከመነሳታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን አስጸዱ። አናት ላይ ካርቡራተሩን የሚያስተካክል ሰው ብታገኙም አታስነኩ፤ እዚያ የተስተካከለው ወደ ቆላ ሲወረድ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩን ያግላል።

ገና ሻሸመኔን እንዳለፋችሁ ሜዳ ላይ የሚደክም መኪና ካለ ጥፋተኛው ከፍታ አይደለም፤ የነዳጅ ማጣሪያውን ተመልከቱ።

ራዲያተሩ ፈላ፣ ጠቋሚው ግን ቀይ አልነካም

4,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ 87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ሐዋሳ ላይ ያልታየው ጉድለት እዚህ ይወጣል። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ክዳኑን ግን ግማሽ ሰዓት ያህል አትንኩ። ከቀዘቀዘ በኋላ የጎደለውን ሙሉ። ክዳን ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይታችሁ ተመሳሳዩን ከሐዋሳ ያዙ። በባዶ ውሃ የሚሄድ መኪና ካላችሁም ኩላንት (የማይረጋ የራዲያተር ፈሳሽ) አስሞሉት፤ የሳነቴ ሌሊት ውርጭ ነው።

ፍሬኑ ሸተተ፣ ፔዳሉ ተለወጠ

ከሁሉም ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ በከተማዋ አስፋልት ብቻ የሚውል መኪና ፍሬኑ አይፈተንም። ከሳነቴ ጠርዝ ጫካው ውስጥ ወዳለችው ሪራ መንደር የሚወርደው ጠመዝማዛ ፒስታ ግን ወዲያው ይፈትነዋል።

ብልሽቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በእግራችሁ ትለዩታላችሁ። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልያዘ የጋለው የፍሬን ሸራው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፦ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይዘልቃል፣ እርጥበት ከያዘ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። የተፈጠረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ የእግራችሁ ግፊት ጎማው ጋ አይደርስም።

በዚያ ቅጽበት ፔዳሉን ደጋግማችሁ እርገጡ፣ ማርሹን ወደ 2 ከዚያም ወደ 1 አውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ። አጠገብ የተቀመጠው ሰው መኪናው ሲቆም ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርግ። ማርሽ አስገብታችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ሲመለስ ተፈወሰ ማለት አይደለም፤ ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ በ1ኛ ማርሽ ብቻ፣ እያረፋችሁ ውረዱ።

መከላከሉ ሐዋሳ ጋራዥ ይጀምራል፦ 2 ዓመት ያለፈውን የፍሬን ዘይት አስቀይራችሁ አየሩን አስወጡ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ ሸራም ይቀየር። ቁልቁለቱ ላይ መውጣት በምትችሉበት ማርሽ ውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ኤል፣ 2 ወይም ቢ ላይ አድርጉት። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ይዛችሁ ልቀቁ፤ እግር ጭኖ መውረድ ነው የሚያግለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ በዚህ ቁልቁለት እብደት ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ያለምክንያት መነታረክ

የመኪና ማቅለሽለሽ ከሆነ ቆማችሁ አየር ስትወስዱ ይሻላል። ቆማችሁም ራስ ምታቱ ከቀጠለ ከፍታው ነው። ጎባ አድራችሁ ጠዋት ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሳነቴ ላይ አትደሩ። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ወደ ሪራ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትጥላላችሁ። አንዳችሁ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ንግግር ከተምታታባችሁ ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ውረዱ። ንትርኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከረሃብ፣ ከመዘግየትና «ያኔ ታጠፍ ብዬህ ነበር» ከሚል ነው፤ የሚነዳው ሰው ጎባ ላይ ይወሰን፣ ቁልቁለቱ መሃል አይቀየር።

መስታወቱ ድንገት ጉም ለበሰ

ከውርጩ ወደ እርጥቡ ጫካ ስትገቡ መስታወቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። በጣታችሁ ከውስጥ አብሱት። ካልጠራ ጉሙ ከውጭ ስለሆነ መጥረጊያውን አንቀሳቅሱ። ከጠራ ከውስጥ ነው፤ ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር ክፈቱ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጉ። ኤሲ ከሌለ መስኮቶቹን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ። የረጠበ ጃኬት ወይም ጋቢ ኋላ ወንበር ላይ መዘርጋት ችግሩን ያባብሳል፤ ፌስታል ውስጥ ይግባ።

ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሽከረከራል

ጋዝ መስጠት አቁሙ፤ ጉድጓዱን እየቆፈራችሁ ነው። ሞተሩ ኃይል የሚሰጣቸውን ጎማዎች ከ32 ወደ 20 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) አስተንፍሱ፣ ከፊታቸው የመኪናውን ምንጣፍ ወይም ደረቅ ቅርንጫፍ አስገቡ፣ በ2ኛ ማርሽ በዝግታ ውጡ። የሚገፋው ሰው በጎን በኩል ይቁም፣ ቀጥታ ከኋላ አይሁን። ከወጣችሁ በኋላ በባትሪ በሚሠራ ፓምፕ መልሳችሁ ንፉ። ሳነቴ ላይ የጎማ መለኪያው 3 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ቢያሳይ ግን አታስተንፍሱ፤ የውጭው አየር ስለሳሳ ነው።

ነዳጅ ከጀሪካን ከቀዳችሁ በኋላ መንተፋተፍ

ውሃ ወይም ቆሻሻ ገብቷል። ሮቤ ወይም ጎባ ሙሉ፣ ፍጆታውን ከሐዋሳው እጥፍ አስቡ። ከጀሪካን መቅዳት ግድ ከሆነ መጀመሪያ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል።

የሐረና ማር መኪናው ውስጥ ፈሰሰ

ቆላ ላይ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ የማር ጀሪካን ስትመለሱ ሳነቴ ላይ ያብጣል፤ ውስጡ የቀረው አየር ይሰፋልና። እስከ አፉ አትሙሉት፣ አራት ጣት ባዶ ተዉለት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አናት ላይ ስትደርሱ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱትና መልሳችሁ ዝጉት።