ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማን ይቅደም፣ ምኑ ለማን ይሰጥ? ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ተረኛ ነርስ እጅ አሥር ታካሚ፣ ሁለት ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች፣ አንድ ፖርተር (ታካሚ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ) እና ቁጥራቸው የማይታወቅ አስታማሚዎች ሲወድቁ ሁሉንም እኩል ማየት የሚባል ነገር የለም። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይቆያል። አንዱን ሥራ ነርሷ ራሷ ትይዘዋለች፣ ሌላውን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ይህን አብዛኛው ነርስ ያውቃል። የሚጎድለው ከውሳኔው በኋላ ያለው ነው፦ ይቆይ የተባለው ታካሚ ዘንድ ነርሷ መቼ ትመለሳለች? የተሰጠው ሥራስ ውጤቱ ለማን፣ በስንት ደቂቃ ይመጣል? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ጥያቄ መዘለል የሚመጡ ናቸው።

ጮኾ የመጣውን ማስቀደም

እግሩ የተሰበረ ሰው ይጮኻል። ከእሱ ጋር የመጡ ስድስት ዘመዶችም ይጮኻሉ። ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው የተቀመጡት እናት ግን ዝም ብለዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። መጮኽ የሚችል ሰው የአየር መንገዱ ክፍት ነው፣ ሳንባውም አየር ያስገባል። ስለዚህ ትሪያጅ (ታካሚዎችን በሕመማቸው አስቸኳይነት መለየት) ላይ የቆመች ነርስ ዓይኗ አስቀድሞ ዝም ወዳሉት መሄድ አለበት። ይህ ማለት የሚጮኸው ይረሳ ማለት አይደለም፤ ከባድ ሕመም ራሱ በአስቸኳይ ከሚታዩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ከጩኸት የባሰው ደግሞ ስልክ ነው። «የእኛ ሰው ነው፣ እባክሽ ቶሎ ይታይ» የሚለው። አልሰማሁም ማለት አይቻልም፣ ጉዳዩ በባህላችን ውስጥ ያለ ነው። መከላከያው ትሪያጅ ላይ ለታካሚው የሚሰጠው የአስቸኳይነት ቀለም ነው፤ ከቀይ (ወዲያው የሚታይ) እስከ አረንጓዴ (መቆየት የሚችል)። ቀለሙ በመለኪያ ተሞልቶ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ነርሷ የምትከራከረው ከሰው ጋር ሳይሆን በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ነው። ተራ ለሚጠብቁትም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አባባ፣ ከእርስዎ በኋላ መጥቶ ቀድሞ የገባው መተንፈስ ስላቃተው ነው፤ እርስዎን በየግማሽ ሰዓቱ መጥቼ አይዎታለሁ።» ይህን ብሎ አለመመለስ ግን ጨርሶ ካለመናገር ይከፋል።

ካርድ ይውጣ፣ ከዚያ ይታያል

አስታማሚው ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆሞ ታካሚው ወንበር ላይ ሲንሸራተት ያላየ የለም። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ትሪያጅ ከካርድ ይቀድማል። ቀይ የሆነ ሰው በቀጥታ ይገባል፣ ወረቀቱ ይከተለዋል። ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛውም ይህን ማወቅ አለባቸው፤ በሩ ላይ በሽተኛን መጀመሪያ የሚያዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና። «የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚደማ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም የማይነቃ ሰው ካያችሁ ሳትጠይቁ አስገቡ» ብሎ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ትንፋሽ ሳይቆጥሩ «20» ብሎ መጻፍ

ይህኛው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የተለመደ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተናቀ ነው። የማንኛውንም ድንገተኛ ክፍል ካርዶች ብታገላብጡ በትንፋሽ ቦታ ላይ 20፣ 20፣ 22፣ 20 ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የታካሚዎቹ ሁሉ ሳንባ በአንድ ሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት መጠበቂያ) የሚሠራ ይመስላል።

መጀመሪያ ኬፕታውን ላይ ተሠርቶ በእኛም አገር በበርካታ ሆስፒታሎች ተስተካክሎ የሚሠራበትን የደቡብ አፍሪካ የትሪያጅ መለኪያ እንውሰድ። ለአዋቂ ሰባት ነገር ታይቶ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፦ አመጣጡ፣ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ የላይኛው ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ ንቃቱና አደጋ ደርሶበት እንደሆነ። ድምሩ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ወዲያው ይታያል። 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ። 3 እና 4 ቢጫ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በታች ያለው አረንጓዴ ሲሆን እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ባጃጅ የገጨው ወጣት መጣ እንበል። በቃሬዛ መጥቷል፣ 2። አደጋ ነው፣ 1። የልብ ምቱ 118 ነው፣ 2። ግፊቱ 110፣ ሙቀቱ ደህና፣ ነቅቶ ያወራል፣ ሁሉም ዜሮ። ትንፋሹ በትክክል ሲቆጠር 28 ነው፣ 2። ድምሩ 7፣ ቀይ። ነርሷ ሳትቆጥር 20 ብላ ጽፋ ቢሆን ግን ትንፋሹ 1 ብቻ ይይዛል፣ ድምሩ 6 ይሆናል፣ ልጁም ብርቱካናማ ሆኖ ወረፋ ይይዛል። በግምት የተጻፈ አንድ ቁጥር ቀለም ቀየረ ማለት ነው።

መፍትሔው ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ የልብ ምት እየለኩ በማስመሰል፣ ታካሚው ሳያውቅ፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራልና። ለፈጠነ ሰው 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ከመገመት ይሻላል።

እግረ መንገድ፦ በዚያው ልጅ ላይ 110 የሚለው ግፊት ሊያዘናጋ አይገባም። ጤነኛ ወጣት ከደሙ 30 በመቶ ገደማ እስኪያጣ ድረስ ግፊቱን ሊይዝ ይችላል። ቀድመው የሚናገሩት የልብ ምቱና ትንፋሹ ናቸው። የልብ ምቱ ቁጥር ከላይኛው ግፊት ቁጥር ሲበልጥ ሆዱ ውስጥ ወይም ደረቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ አስቡ። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ ናት፣ ሲወርድባት በአንዴ ነው።

ስኳር መርሳት

ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ግራ የተጋባ ወይም «ሰክሮ ነው» ተብሎ የተጣለ ሰው ሁሉ ጣቱ ይወጋ። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ከሆነ በመለኪያው ቀይ ነው። ለሲቲ ስካን ወረፋ ከመያዝ በፊት የሚሠራ፣ ከአንድ ደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

የተሰጠን ቀለም እንደ ማኅተም መያዝ

ትሪያጅ የዚያች ደቂቃ ፎቶ ነው። ፀረ ተባይ ጠጥታ የመጣች ልጅ ስትገባ በእግሯ ሄዳ፣ አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ ልትቀመጥ ትችላለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ደረቷ ያንኮራፋል። የእሷ ቀለም ገና ከመጀመሪያው በታሪኳ መወሰን ነበረበት፤ መርዝ የወሰደ ሰው ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ቢያንስ ብርቱካናማ ነው። ጭንቅላቱን የተመታው ሰውም ተመሳሳይ ነው። ራሱን ስቶ ነበር፣ ነቃ፣ «ደህና ነኝ ልሂድ» ይላል፣ ቤተሰብ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ ነርሷም ዓይኗን ታነሳለች። የራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም የሚገድለው በዚህች የእፎይታ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ማንን መቼ ደግሜ እለካለሁ የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ትሪያጁ ግማሽ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ ቦታ ያጣ ታካሚ በየ15 ደቂቃው፣ ቢጫ ደግሞ ቢያንስ በየሰዓቱ ቢታይ ጥሩ ልማድ ነው። ሰው ከሌለ ሁሉንም መለካት አይቻልም ይባላል። እውነት ነው። ግን በመተላለፊያው ሄዶ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ መልስ መስማት፣ ቆዳውን መንካትና ትንፋሹን ማየት ይቻላል። የተለወጠ ካለ እሱ ይለካል።

ትእዛዝን በተጻፈበት ተራ መፈጸም

ሐኪሙ ስድስት ነገር ጽፏል። መጀመሪያ ላብራቶሪ፣ ቀጥሎ ራጅ፣ መጨረሻ ላይ አንቲባዮቲክ። ነርሷ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች፣ አስታማሚው መድኃኒት ሊገዛ ውጭ ወጥቷል፣ አንቲባዮቲኩ ሴፍትሪያክሶን ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሰጣል። ታካሚው በኢንፌክሽን ሾክ (ደም ለሰውነቱ በበቂ በማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ ከሆነ ግን አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት ነበረበት። የወረቀቱ ተራ ሐኪሙ ያሰበበት ተራ እንጂ የታካሚው ተራ አይደለም። ካርዱን ሲቀበሉ «ከእነዚህ ቢዘገይ የሚገድለው የትኛው ነው?» ብሎ ያን ማክበብ ይገባል። ልብ የማይባለው ሌላው ነገር «የ12 ሰዓት መድኃኒት» የሚለው ልማድ ነው። አሁን የታዘዘን የመጀመሪያ ዶዝ ለመደበኛው የመድኃኒት ሰዓት ማቆየት ዋርድ ውስጥ ሊያስኬድ ይችላል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

ሥራን ለአየር መስጠት

«ኦክስጅን አምጡ! ግፊት ለኩለት!» አራት ሰው ይሰማል፣ አራቱም ሌላው ያመጣዋል ብሎ ይቆማል። ስም ይጠራ፦ «ሀና፣ ኦክስጅን ከሁለተኛው ክፍል አምጪ። ከሌለ ባዶ እጅሽን ተመልሰሽ ንገሪኝ።» ሀናም የሰማችውን ደግማ ትበል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ወታደራዊ ይመስላል። በሪሰሲቴሽን (ልቡ ወይም ትንፋሹ የቆመን ሰው ለመመለስ በሚሠራበት) ጊዜ አድሬናሊን ሁለት ጊዜ ከመስጠት ወይም ጨርሶ ካለመስጠት ያድናል።

ቁጥር አስመጥቶ ትርጉሙን አለመንገር

ለተማሪ «የሁሉንም ቫይታል ሳይን ውሰድ» (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊትና የመሳሰሉትን ለካ) ብሎ መላክ የተለመደ ነው። ልጁ በትጋት ይለካል፣ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለሻይ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) 82 የሚል አለ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነው? አይደለም። መለካቱ ተሰጠው እንጂ መቼ መሮጥ እንዳለበት አልተነገረውም።

ሥራ ሲሰጥ የትኛው ታካሚ፣ ምን፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን ሲታይ ወዲያው እንደሚነገር አብሮ ይሰጥ፦ «ዮናስ፣ አልጋ 4ን በየ15 ደቂቃው ለካ። የላይኛው ግፊት ከ90፣ ሳቹሬሽን ከ90 ከወረደ ወይም ሲጠራ ካልመለሰ እስክትጽፍ አትጠብቅ፣ ጥራኝ።» ከዚያም ባይጠራም በመሃል ሄዶ ማየት። ሥራው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ተጠያቂነቱ ግን የሰጠችው ነርስ ላይ ይቆያል።

የማይሰጡ ሥራዎችም አሉ፦ የመጀመሪያው ግምገማ፣ የትሪያጅ ቀለም መወሰን፣ ደም መስጠት ሲጀመር ያሉት የመጀመሪያ 15 ደቂቃዎች፣ ያልተረጋጋ ታካሚ። በፀረ ተባይ መርዝ ላይ ማርከሻው አትሮፒን እየተጨመረ ሲሰጥ ደግሞ መርፌ መውጋቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ደረቱ ደረቀ አልደረቀም ብሎ የሚያዳምጥ ጆሮ ያስፈልጋል። የዓይን ብሌን ሰፋ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም ጀማሪ ብቻውን መተው የለበትም።

አስታማሚን እንደ ሠራተኛ መቁጠር

የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ስለ ውክልና ሲጽፉ ረዳት ነርስ፣ ቴክኒሻን ይላሉ። የእኛን ክፍል በተግባር የሚያንቀሳቅሰው ግን አስታማሚው ነው። መድኃኒት ይገዛል፣ ናሙና ያደርሳል፣ ቃሬዛ ይገፋል፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ አምቡ ባግ (በእጅ ተጨምቆ ለታካሚው አየር የሚያስገባ ከረጢት) ይጨምቃል። ያለ እሱ ክፍሉ ይቆማል፤ ይህን መካድ ግብዝነት ነው። ስህተቱ ምን እንደተሰጠው ሳይታሰብበት መቅረቱ ነው።

በደንብ ከተነገረው የሚችለው ብዙ ነው፦ አጠገብ መቀመጥ፣ በጎን አስተኝቶ መያዝ፣ ትንፋሹ ሲቀየር መጥራት፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ልብስ ማቅለል። የማይሰጠው ደግሞ በግልጽ ይነገረው። የኦክስጅኑን መጠን መቀየር፣ የጉልኮስ ፍጥነት ማስተካከል፣ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ ወይም ጠበል በአፍ መስጠት፣ ለኦፕራሲዮን ለሚጠብቅ ሰው አጥሚት ማጠጣት። ጠበሉን በተመለከተ መከልከልና መቆጣት አያዋጣም፤ «ይረጩት፣ ይቀቡት፣ በአፉ ግን ወደ ሳንባው ይገባበታል» ማለት ይሰማል። ለመስቀለኛ ምርመራ (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ደም ጋር መስማማቱን ለማየት) የሚሄድ ደም ናሙና ላይ ስሙ አልጋው አጠገብ፣ በነርሷ እጅ ሳይጻፍ ለአስታማሚ መስጠት በፍጹም አይገባም። ሁለት አስታማሚዎች ሁለት ስም የሌለው ብልቃጥ ይዘው ደም ባንክ መስኮት ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ማሰብ ነው።

አምቡ ባግስ? ሰው ጠፍቶ አስታማሚ መያዝ ግድ ከሆነ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ መጭመቁ ይታይ፣ ፊቱ ላይ ያለው ማስክ አያያዝ ይፈተሽ፣ ተለዋጭ ይመደብ። ደክሞት ያንቀላፋ ወንድም ሊወቀስ አይችልም።

ሁሉን ራሴ ልሥራ

ጎበዝ የሚባሉት ነርሶች በሽታ ነው። «ከማስረዳ ራሴ ብሠራው ይቀለኛል» ይላሉ። እናም የተረኞቹ ኃላፊ የጠፋ ደም ሥር ፍለጋ አንድ አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ትጎነበሳለች፣ ክፍሉን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ለሌላ መስጠት፣ በሾክ ላለ ታካሚ ደግሞ ወዲያው ሲኒየር መጥራት ክብር አይነካም። የኃላፊዋ ዋና ሥራ ክፍሉን ማየት ነው፤ እጇ ሲታሰር ዓይኗን ለማን እንዳስረከበች ተናግራ ነው መጎንበስ ያለባት።

ቀይ ታካሚን ከፖርተር ጋር ብቻ መላክ

ወደ ሲቲ ስካን ወይም ሪፈር ሲባል ጥድፊያው ቃሬዛውን በር ማስወጣት ላይ ያልቃል። ታካሚው በሊፍት ውስጥ ቢያስመልሰው ጎኑን የሚያዞር፣ ትንፋሹ ቢቆም ማስክ የሚይዝ ሰው አብሮት የለም። ቀይም ሆነ ያልተረጋጋ ብርቱካናማ ታካሚ ከነርስ ወይም ከሐኪም ጋር ይሂድ፤ አምቡ ባግ፣ ሰክሽን (ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ መምጠጫ)፣ የተከፈተ ደም ሥርና የሚወስደው መድኃኒት አብረው ይሂዱ። ለሪፈር ከሆነ ላይዘን ኦፊሰሩ (ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኘው ሠራተኛ) ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው በስልክ ሳያረጋግጥ አምቡላንሱ አይነሳ። ኦክስጅኑም ሳይነሱ ይሰላ፦ 400 ሊትር የቀረው ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ከፈሰሰ የሚቆየው 40 ደቂቃ ነው። ሲቲው 30 ደቂቃ ይፈጃል ከተባለ ሊፍት መጠበቂያና ወረፋ ሲታከልበት አይበቃም፣ ሁለተኛ ሲሊንደር ይያዝ፣ ቁልፉም አብሮ።