የሃይድሮጂን አውቶቡስ ለሰፈራችሁ ያዋጣ እንደሆነ በደብተር ጀርባ እንዴት ይሰላል?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊታችን አንድ ቅጥቅጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቁር ጭሱን ይለቅብናል። ከኋላዬ ያለው ልጅ ስልኩ ላይ የሃይድሮጂን አውቶቡስ አሳየኝ። «ይሄን እየው፣ ከኋላው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ የሚገባበት ነገር ነው። እዚያው ደብተር አወጣሁ፤ ሰልፉ እንደሆነ አይንቀሳቀስም።

መጀመሪያ መኪናውን እወቁት። የሃይድሮጂን አውቶቡስ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚሄደው። ፊውል ሴል የሚባለው ክፍል ሃይድሮጂኑን ከአየር ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ እዚያው ላይ መብራት ያመነጫል፣ የሚተርፈው ውሃ ነው። ጋዙ ጣሪያ ላይ ባሉ ሲሊንደሮች በ350 ባር ታምቆ ይቀመጣል። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ነው፤ ልዩነቱን አስቡት።

አሁን መንገዳችሁን ለኩ። ሹፌሩን ወይም ረዳቱን በቀን ስንት ቢያጆ እንደሚሠራ ጠይቁት። እኔ ለሂሳብ እንዲመቸኝ አንዱን ቢያጆ 25 ኪሎ ሜትር፣ በቀን 10 ቢያጆ ብዬ ያዝኩ። 250 ኪሎ ሜትር መጣ። ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሃይድሮጂን ይበላል። በ9 አስሉት፣ ዳገትም አለ፣ የቃሊቲ መጨናነቅም አለ። 22 ኪሎ ተኩል ይሆናል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሃይድሮጂኑ ከየት መጣ? ከተፈጥሮ ጋዝ ከተሠራ ለአንድ ኪሎ 9 ወይም 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋብሪካው ጋ ይወጣል። ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ውሃን በመብራት ሰንጥቀን እንሥራው ካልን ደግሞ ለአንድ ኪሎ 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 22.5 በ55 ስናባዛው 1,237 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፣ በቀን፣ ለአንድ አውቶቡስ። ያንኑ መንገድ የባትሪ አውቶቡስ በኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብንይዝለት በ375 ይጨርሰዋል። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ እንጀራ ምጣድ ላይ የቀረበትን ቀን ስንቱን ልቁጠርላችሁ።

ውሃውንስ? ለአንድ ኪሎ ቢያንስ 9 ሊትር ነው። በቀን 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ቢጫ ጀሪካን። በፈረቃ ለሚቀዳ ሰው ያስደነግጣል፣ ግን መቶ አውቶቡስ ቢሆን እንኳ ሁለት ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ነው። ማጣሪያው ላይ የሚባክን ቢጨመርም ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው መብራቱ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ፊውል ሴል አየር ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር የሚገፋው ኮምፕሬሰር የበለጠ ይለፋል፣ የሚለፋው ከዚያው መብራት ወስዶ ነው። ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል የምትመጡማ ከእኔ የባሰ ቁጥር ያዙ።

ታዲያ መቼ ያዋጣል? አውቶቡሱ በቀን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ እረፍት የሚሮጥ ከሆነ፣ ቆሞ ቻርጅ የሚደረግበት ሰዓት ከሌለ። ሃይድሮጂን መሙላት አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ለዚያ ካልሆነ ግን ባትሪ ይሻላል ባይ ነኝ። የፈረንሳዩዋ ሞንፔሊዬ ከተማም በጥር 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 51 የሃይድሮጂን አውቶቡስ ልትገዛ ተነሥታ፣ ወጪው ከባትሪው እጅግ ስለበለጠባት ትታዋለች።

ሰፈራችሁ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ «ልናመጣ ነው» ከተባለ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጋዙ የት ይመረታል፣ ስንት መብራት ይወስዳል በሉ። ማታ የት እንደሚያድርም ጠይቁ። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ይቀላል፣ ሽታ የለውም፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ካፈተለከ ወደ ላይ በኖ ይሄዳል። ጣሪያው የተደፈነ ጋራዥ ውስጥ ግን ኮርኒሱ ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጣሪያው መተንፈሻ አለው ወይ፣ ጋዝ የሚያሸት ሴንሰርስ ተገጥሞለታል ወይ?