ራስ ደጀንን ለመውጣት፦ ዝግጅት፣ አካሄድና የፓርኩ ጥበቃ

ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ነው። ጫፉ አጠገብ በእጅ ጭምር እየተያዘ ከሚወጣ አጭር ዐለታማ ቦታ በቀር፣ ገመድም ሆነ የተለየ የመውጫ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚፈትነው አየሩ መሳሳቱ፣ የመንገዱ ርዝመትና የሌሊቱ ቁር ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በዚያ ስለሚገኝ፣ የመግቢያ ክፍያ መፈጸምም ሆነ አስጎብኚ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ)፣ በቅሎና ባለበቅሎ መያዝ የሚቻለው በከተማዋ ነው። የአካባቢውንም ጸጥታ ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ያጣሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱም ይደርቃል። በክረምት የራሰው አፈር በእግርና በኮቴ እየተቦጨቀ ስለሚታጠብ፣ ያንን ወቅት መተው ለተጓዡም ለመሬቱም ይበጃል።

መኪና ፓርኩ ውስጥ እስካለው የጭነቅ ማደሪያ ሰፈር ስለሚገባ፣ ብዙዎች ቀን ለመቆጠብ ሲሉ በመኪና ይሄዳሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። በሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ በግጭ (3,600 ሜትር) እና በጭነቅ (3,620 ሜትር) እያደሩ በእግር የሄዱ እንደሆነ፣ ሰውነት ከስስ አየር ጋር ቀስ በቀስ ይላመዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ እስኪሻልዎ ድረስ ከፍ አይበሉ፤ እርምጃ ከተዛባ፣ ሐሳብ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብለው ሳለ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ግዴታ ነው።

ከጭነቅ በኋላ መንገዱ 4,200 ሜትር ገደማ ወዳለው የቧሂት በር (የተራራ ማለፊያ) ይወጣና፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው የመሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ያቀናል። ጉልበት የሚጨርሰው ከጫፉ ይልቅ ይህ ሸለቆ ነው፤ በተለይ በመልሱ ከወንዙ እስከ በሩ 1,400 ሜትር ሽቅብ መውጣት እንደሚጠብቅ ብዙ ሰው አስቀድሞ አያስበውም። ከአምቢቆ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ወጥተው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ከላይ ከፍታቸው የሚቀራረብ ከአንድ በላይ ጫፎች ስላሉ፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ከአስጎብኚዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 ድረስ ቆይቷል። ተጓዥ የእርሻውን ጉዳይ መፍታት ባይችልም የራሱን ጫና መቀነስ ይችላል። ከሁሉ በፊት የማገዶ ነገር ከደባርቅ ሳይወጡ ይለቅ፦ ምግብ አብሳዩ በነጭ ጋዝ ወይም በቡታጋዝ እንዲሠራ፣ አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ እንዳይቆረጥና እሳት እንዳይነድ ይስማሙ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተነሳው ቃጠሎ ብዙ የጓሳ ሣርና አስታ የነደደ በመሆኑ ይህ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ የሚታይ አይደለም።

ጅብራ የተባለውን የደጋ ተክል ልብ ብለው ይመልከቱት። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ክምር ዙሪያውን ዘርግቶ ይቆይና፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ስለዚህ ለፎቶግራፍ ሲባል የተሰበረ አንድ ዘንግ የዚያን ተክል ዘር ሁሉ ይዞ ይጠፋል። ጠመዝማዛውን መንገድ አቋርጦ መውረድም ሣሩን ገፎ በቀጣዩ ዝናብ ቦረቦር ይፈጥራል። ለጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ መስጠት ከሰው ያላምደዋል፤ የተጣለ ትራፊ ደግሞ ውሻ ይስባል፣ ውሻም ቀይ ቀበሮን የሚፈጀውን የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። መጸዳጃ በሌለበት ከውኃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው ይቅበሩ፤ ወረቀቱን ግን ይዘው ይመለሱ። ለቆሻሻ የሚሆን ጠንካራ ማዳበሪያ በአንዱ በቅሎ ላይ አስጭነው፣ ደባርቅ ሲደርሱ ሒሳብ ከመዝጋትዎ በፊት ሞልቶ መመለሱን በዓይንዎ ያረጋግጡ።