ብቻችሁን ከሀገር ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ከቦሌ ደወለልኝ። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አውሮፕላንህ ትናንት ሌሊት ሄዷል አሉኝ» አለ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ማክሰኞ 00፡45 ነው። ልጁ ማክሰኞን ሻንጣ ሲያስተካክል ውሎ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ማታ ቦሌ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀመለት ጉዞ ነበር።

ይህ ስህተት ስንት ጊዜ ሲደገም እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በመጀመሪያ ጉዞዬ እኔም ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ቀኑ የሚቀየርበትን ሰዓት መርሳት

የኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት፣ በኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ «ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለውን ሌሊት ቲኬቱ «ማክሰኞ» ይለዋል። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ደግሞ የሚነሱት በዚሁ በእኩለ ሌሊት ግድም ነው። የሰው ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ስድስት መደመርና መቀነስ አውቃለሁ» ትሉኛላችሁ። እሱ ብቻውን አያድንም! 00፡45 ማለት ሌሊት 6፡45 መሆኑን በትክክል ቀይሮ፣ በማግስቱ የሚመጣ ሰው አይቻለሁ። ዋናው ጉዳይ ቀኑ ነው። ቲኬታችሁ ላይ ያለው ሰዓት ከ00፡00 እስከ 06፡00 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሄዱት ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ማታ ወይም ሌሊት ነው። ቲኬቱን እንደገዛችሁ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ መድረስ።» ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ለሚሸኛችሁም ሰው አንብቡለት። እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ሰዓት መቀየር ለምጃለሁ ብዬ ከተዝናናሁ በኋላም ዛንዚባር ላይ ተሳስቻለሁ። ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት የሚሄድ ጀልባ ለመያዝ ተነጋገርኩ። ባለጀልባው በእንግሊዝኛ «ሁለት ሰዓት» አለኝ። በፈረንጅ ቆጠርኩና ከምሳ በኋላ፣ በኛ 8 ሰዓት ሄድኩ። ጀልባው ጠዋት ሄዷል። ለካ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው። «ሳ ምቢሊ» ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሰውየው በቋንቋው አስቦ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ኬንያና ታንዛኒያ ስትሄዱ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ወባ እኔን አይነካኝም» ማለት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባን በስም ነው የሚያውቃት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ወባ አትደርስባትም። ወባን ያልለመደ ሰውነት መከላከያ የለውም። ሞምባሳ ወይም ዳሬሰላም ስትሄዱ ከአውሮፓ ከመጣው ቱሪስት የተሻለ አቅም የላችሁም። እሱ መከላከያ ኪኒን ይዞ፣ አጎበር ውስጥ ይተኛል። እናንተ ክንዳችሁን ገልጣችሁ ባሕር ዳር ታመሻላችሁ።

አንድ ጓደኛዬ ከሞምባሳ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነው ብሎ አራት ቀን ቤቱ ተኛ። ክሊኒክ ሲሄድም የት እንደነበረ አልተናገረም። ወባ መሆኑ የታወቀው በጣም ከተዳከመ በኋላ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ካተኮሳችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እዚህ ቦታ ሄጄ ነበር» ይሁን።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቢያቃጥልም ጥላ ስንገባ ይቀዘቅዘናል። በሐምሌና ነሐሴ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ወበቁ ጥላ ውስጥም ይከተላችኋል። ከሰዓት ቤት ውስጥ ቆዩ፣ ጠዋት በማለዳና ከመሸ በኋላ ውጡ። ነጠላም ያዙ፤ የገበያ አዳራሾቹ ውስጥ ማቀዝቀዣው ያንቀጠቅጣል።

ለብርዱ ተዘጋጅቶ ለጨለማው አለመዘጋጀት

ስቶክሆልም የሄድኩት በፈረንጆች ዲሴምበር ነው። ስለ ብርዱ ሁሉም ሰው አስጠንቅቆኝ ነበር። ስለ ጨለማው የነገረኝ ግን የለም። በዚያ ወር ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና ከሰዓት 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ያውም ከወጣች ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ሊሆን ምንም በማይቀረው ሀገር ነው ያደግነው። በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት ሆድ ባሰኝ። የምታመም መሰለኝ። አራተኛውን ቀን ከአልጋ ሳልነሳ አሳለፍኩት።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ጨለማው ከብርዱ ይከብዳል። የሚያዋራችሁ ሰው ስለሌለ ክፍላችሁ ውስጥ ሲመሽ አንድ ነገር ብቻ ታስባላችሁ። ብርሃን ባለበት ሰዓት በግድም ቢሆን ውጡ። ሙዚየሙንና ካፌውን ለጨለማው አቆዩት። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ቤት ደውሉ።

ልብስን በተመለከተ፦ አንድ ወፍራም ጃኬት በጂንስ ላይ አይበቃም። ከውስጥ ገላ ላይ የሚለጠፍ የሱፍ ልብስ፣ መሀል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ልበሱ። ቤቱ ውስጥ ሙቀት ስለሆነ ማውለቅ መቻል አለባችሁ። ጫማችሁም በረዶ ላይ የማያንሸራትት ይሁን።

ቶሎ ቶሎ የምላቸው

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ጉዞው 10 ቀን ሲቀረው ውሰዱ። ካርዱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አትጣሉት።

ቲኬት ስትቆርጡ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ጻፉ። የአባትና የአያት ስም ተቀያይሮ ብዙ ሰው ቆሟል።

ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ አይቀበሏችሁም።

ኬንያ፣ ታንዛኒያና እንግሊዝ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ናይሮቢ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ ባትጎትተኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ያልከፈቱትን አደራ መያዝ

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔም አከብረዋለሁ። ግን የታሸገ እቃ «ለእህቴ ነው» ተብሎ ሲሰጣችሁ ፊት ለፊታቸው ክፈቱት። የሚያዝን ይዘን። ጫት በእንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ከኛ ሀገር ቅቤና ቋንጣ ይዞ መግባት አይቻልም። ኢምሬትስ ውስጥ ደግሞ ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ሊታሰር ይችላል። ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀው ላኪው አይደለም። ሻንጣው ያለው በእናንተ እጅ ነው።

መግደርደር

ስቶክሆልም ላይ ክፍል የተከራየሁት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ቤት ነበር። ከሰሜን ስዊድን ናቸው። ሲስማሙ እንደኛ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው ነው «አዎ» የሚሉት። ሌላ ሀገር እንዲያ ስተነፍስ የደነገጥኩ መስሏቸው «ምን ሆንክ?» ይሉኛል። እሳቸው ቤት ግን ማንም ግራ አይጋባም። ለዚህም ነው ቶሎ የወደድኳቸው።

በመጀመሪያው ማታ ሾርባ ሠርተው «ትበላለህ?» አሉኝ። ርቦኛል። ግን እንግዳ ነኝ። «አይ፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «በሞቴ!» የሚለውን እየጠበቅኩ ነው። «አፈር ስሆን!» የሚለውም ይከተላል። እሳቸው «እሺ» ብለው ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተቱት። ባዶ ሆዴን ተኛሁ።

በማግስቱ ነገርኳቸው። በኛ ሀገር እንግዳ ሁለት ጊዜ እንቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀመጣል አልኳቸው። በጣም አዘኑ። በእሳቸው አስተዳደግ እንቢ ያለን ሰው መለመን ቃሉን አለማክበር ነው። ስለዚህ ከሀገር ስትወጡ ርቧችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» በሉ። ቅር የሚለው ሰው የለም።

እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ፣ እስክወጣ ድረስ፣ አንዴ እሺ ብያቸውም እንኳ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ ነበር።