ዋገኒንገን ለትምህርት ለምትመጡ፦ ዝምታችሁን አገር ቤት ተዉት

ሆላንድ ለማስተርስ የሚመጣ ሐበሻ እንደ ትምህርቱ ይበተናል። የውሃ ልጆች ዴልፍት ይገባሉ። የካርታና የሳተላይት ልጆች ኤንስኸዴ፣ የልማት ጥናት ደግሞ ዘ ሄግ። እርሻ፣ አፈር፣ ምግብ፣ እንስሳት፣ ደን ያለ ዋገኒንገን ይመጣል። እኔ የተማርኩት እዚህ ስለሆነ የምጽፈውም ስለዚችው ከተማ ነው። ሌላ ከተማ የገባችሁም ብዙው ነገር ይሠራላችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ሻንጣ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ ይዛችሁ ኑ። ቅቤና ቋንጣ ግን እናት ብታለቅስም አይሆንም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ስኪፖል አየር ማረፊያ ላይ ከተያዘ ይወሰዳል። ጫትም እዚህ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። «ለወንድሜ አድርሱልኝ» ተብላችሁ የታሰረ ነገር እንዳትቀበሉ።

ዋገኒንገን ትንሽ ከተማ ናት። የራሷ ባቡር ጣቢያ እንኳ የላትም። ኤደ-ዋገኒንገን የሚባለው ጣቢያ ወርዳችሁ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ከ1918 ጀምሮ ያለ ነው። ከሐረማያ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ የመጡ የግብርና መምህራን ሲመላለሱበት ኖረዋል። ስለዚህ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉ ግራ የሚጋባ ሰው ብዙ አታገኙም። እንዲያውም ስለ ቆጋ መስኖ ወይም ስለ ዝዋይ ሐይቅ ከእናንተ በላይ የሚያወራ ፈረንጅ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወረቀት ናቸው። ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ሰው በገባ በ5 ቀን ውስጥ መዘጋጃ ቤት ሄዶ በአድራሻው መመዝገብ አለበት። ያኔ ቤ-ኤስ-ኤን የሚባል ቁጥር ይሰጣችኋል። ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ ቀጣሪውም የሚጠይቀው እሱን ነው። የልደት ሰርተፍኬት ሊጠየቅ ስለሚችል አስተርጉማችሁና አረጋግጣችሁ ያዙት። እኛ ኢትዮጵያውያን የቲቢ ምርመራም አለብን። የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ የሚያስጨርሰው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። እናንተ ኢሜይላችሁን በየቀኑ አንብቡ። እዚህ አገር በስልክ ደውሎ የሚያስታውስ የለም።

ቤት ከባድ ነው። ኢዴያሊስ የሚባለው የተማሪ ቤት አከራይ ጋ ቅበላችሁ እንደተረጋገጠ ወዲያው ተመዝገቡ። በግል ስትፈልጉ ሁለት ነገር ጠብቁ። ቤቱን ሳታዩ ብር ላኩ የሚል ሰው ሌባ ነው። «እዚህ አድራሻ መመዝገብ አይቻልም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቤቱ ቢያምርም ጥላችሁ ሂዱ። ያለ አድራሻ ቁጥሩ የለም፣ ያለ ቁጥሩ ምንም የለም።

አብዛኛው ተማሪ የሚኖረው እንደ ቦርንሰስቴግና ዳይክግራፍ ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ክፍል ለብቻ፣ ኩሽና የጋራ። ቁሌት ስታቁላሉ መስኮት ክፈቱ። ቡና መቁላት ግን ከጭስ ደወሉ ሥር አይሞከርም። ደወሉ ከጮኸ የፎቁ ተማሪ ሁሉ በፒጃማ ደጅ ይወጣል፣ እናንተም ምጣዷን እንደያዛችሁ ማስረዳት ትጀምራላችሁ። በረንዳ ላይ ቁሉ። ዕጣኑንም እዚያው። ከዚያ የኮሪደሩን ልጆች ጥሩ። ሆላንዶች ከማያውቁት ሰው ጋር ቶሎ አይላመዱም፣ ቡና ሲፈላ ግን ማንም አይቀርም። ፈንዲሻ ካለበት ደግሞ በማግስቱም ይመጣሉ።

እነሱ ሲጋብዟችሁ ግን ሌላ ነው። ካላንደር አውጥተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ማክሰኞን ይመርጣሉ። አትዘኑባቸው፣ ቀኑ ሲደርስ በደቂቃዋ ይገኛሉ። የሻይ ሰዓት ከሆነ የሚቀርበው ሻይና አንድ ብስኩት ነው። «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» የለም። የምትፈልጉትን አንዴ ሲጠይቋችሁ በሉ። እንደኛ ሦስቴ እስክትለመኑ ከጠበቃችሁ ጦማችሁን ታድራላችሁ። ካፌ ገብታችሁ «እኔ ልክፈል» ያላችሁ ልጅ ማታ በስልካችሁ ቲኪ ሊልክባችሁ ይችላል። የየራሳችሁን ድርሻ የምትልኩበት ሊንክ ነው። ንፉግነት አይደለም፣ ማንም ማንም ላይ ዕዳ እንዳይቀር ነው።

ሳይክል ወዲያው ግዙ። የባሕር ዳር ልጅ ከሆናችሁ ችግር የለም። የማትችሉም አትፈሩ፣ እዚህ መጥተው በትልቅ ሰውነት የለመዱ ብዙ እህቶች አሉ። ያገለገለ ግዙ፣ አዲስ ይሰረቃል። ቁልፉ ግን ጠንካራ ይሁን። ብዙዎቹ አሮጌ ሳይክሎች የእጅ ፍሬን የላቸውም፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ነው የሚቆሙት። ይህን ሳታውቁ ዋና መንገድ እንዳትገቡ። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ስልክ ይዞ መንዳት ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። አገሩ ሜዳ ነው፣ ዳገቱ ነፋሱ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ዓመቱ በ6 አጫጭር ክፍሎች ይከፈላል። መጀመሪያ የምትገቡበት 8 ሳምንት ነው፦ ስድስቱ ክላስ፣ አንዱ የግል ጥናት፣ አንዱ ፈተና። ብዙ ጊዜ ሁለት ኮርስ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት። አንድ ኮርስ 6 ክሬዲት ከሆነ፣ በሆላንድ ስሌት አንድ ክሬዲት 28 ሰዓት ሥራ ስለሆነ 168 ሰዓት ይጠበቅባችኋል። እንደ አገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ «መጨረሻ ላይ እንቸክላለን» ብሎ መዘናጋት እዚህ አይሠራም። ገና የክላሱን ልጆች ስም ሳትለዩ ሦስተኛው ሳምንት ይገባል።

ግሬዱ ከ10 ነው። 5.5 ያለፈ ነው፣ 8 በጣም ጥሩ፣ 9 ብርቅ። አገር ቤት ሰቃይ የነበረ ልጅ የመጀመሪያ ፈተናው ላይ 6.5 ሲያይ ሰማይ የተደፋበት ይመስለዋል። ተረጋጉ። አጠገባችሁ ያለው ሆላንዳዊ 6 አምጥቶ ፓርቲ ሊሄድ ነው። ከፈተና በኋላ የታረመ ወረቀታችሁን የማየት መብት አላችሁ። ሂዱና እዩ። ለልመና ሳይሆን የት እንደወደቃችሁ ለማወቅ። የማረም ስህተት ካለ በትህትና አሳዩ፣ ያስተካክላሉ። ድጋሚ ፈተናም አለ፣ ግን መመዝገቢያ ቀኑን ራሳችሁ ካልያዛችሁ ያልፋችኋል።

ከሁሉ የሚከብደን ግሩፕ ወርክ ነው። አምስት ልጆች፣ አምስት አገር፣ አንድ ጠረጴዛ። ሆላንዳዊቷ ገና ከመቀመጧ ላፕቶፗን ከፍታ «ማን ይምራ? ማን ይጻፍ?» ትላለች። ጀርመኑ ፕላኑን ይተቻል። ቻይናዊው ማስታወሻ ይይዛል። ሐበሻው እያዳመጠ ነው። ጥሩ ሐሳብ አለው፣ ግን ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ሰውን ማቋረጥ ነውር ነዋ። የሚጨርስ ግን የለም። ስብሰባው ያበቃል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ፊቱን እያየች «አንተ እስካሁን ምንም አላልክም፣ ሐሳብ የለህም ወይስ አልተስማማህም?» ትለዋለች። ስድብ ይመስላል። እሷ ግን ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

እኛ ጋ ዝም ያለ ሰው ጨዋ ነው። ዝም አይነቅዝምም እንላለን። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው ወይ ተስማምቷል፣ ወይ አልሠራም። ኮርሱ ሲያልቅ የግሩፕ አባላት እርስ በርስ የሚገማገሙበት ጊዜ አለ። ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ ዳታውን ያጸዳችሁት እናንተ ሆናችሁ «ብዙም አልተሳተፈም» ተብሎ ሊጻፍባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም የሠራችሁትን አልተናገራችሁም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ ነገር ተናገሩ። ጥያቄም ቢሆን። ከዚያ በኋላ አፍ ይፈታል። ሐሳባችሁን «አልስማማም» ብሎ የጣለው ልጅ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምሳ አብረን እንብላ ይላችኋል። ቂም የለም። ምሳው ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው፣ እሱን ቻሉት።

አስተማሪም ጋ እንዲሁ ነው። ስሙ ያን (Jan) የሆነ ፕሮፌሰር «ያን በሉኝ» ካላችሁ በስሙ ጥሩት፣ ዶክተር ፕሮፌሰር እያላችሁ አታስጨንቁት። ክላስ ውስጥ መጠየቅ እንደ መዳፈር አይቆጠርም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቴሲስ ስትጀምሩ ይህ የበለጠ ይታያል። ቴሲስ በአብዛኛው 36 ክሬዲት፣ ኢንተርንሺፕ 24 ነው፣ ዓመቱ እዚያው ያልቃል ማለት ነው። አድቫይዘራችሁ «ይህን ሥራ፣ ያንን ተው» አይላችሁም። «አንተስ ምን አሰብክ?» ነው የሚለው። ቀጠሮ የምትጠይቁትም፣ አጀንዳ የምትልኩትም እናንተ ናችሁ። «ሥራ ስለሚበዛበት ላስቸግረው አልፈልግም» ብሎ ስድስት ሳምንት የጠፋ ተማሪ ጨዋ አይባልም፣ አድቫይዘሩ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ነው የሚያስበው። ሰላም ካልሆነ በሁለተኛው ሳምንት ንገሩት።

ይህ የቪዛም ጉዳይ ነው። በዓመት ከ60 ክሬዲት ቢያንስ ግማሹን፣ ማለትም 30 ማምጣት አለባችሁ። ያላመጣን ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ሊሰረዝ ይችላል። ታማችሁ ከሆነ፣ ቤተሰብ ሞቶባችሁ ከሆነ፣ አገር ቤት ጦርነት ስልክ ቆርጦባችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን በጊዜው ለትምህርት አማካሪያችሁ ከተናገራችሁ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም አማካሪ አለው፣ ሥራውም ይኸው ነው። የግል ችግርን ለማያውቁት ሰው መናገር ለእኛ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሂዱ። ለአማካሪው የነገራችሁት ነገር ሰፈር አይዞርም።

ሐኪም ሳትታመሙ ተመዝገቡ። መጀመሪያ የምትሄዱት የሰፈር ሐኪም ጋ ነው፣ ቀጥታ ሆስፒታል አይኬድም። ሐኪሙ ፓራሲታሞል ውሰዱና እረፉ ይላችኋል። አንቲባዮቲክ ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ አይገዛም። ሕመሙ ካልተሻላችሁ ግን እንደገና ደውሉና «አልተሻለኝም» በሉ፣ ደግማችሁ ስትመጡ ነው ጉዳዩን የሚያጠብቁት። ኖቬምበር ላይ ስሜታችሁ ከወረደም አትገረሙ። ዲሴምበር ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ገና ጨለማ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ቀን ቀን ደጅ ውጡ።

ምግብ ላይ እድለኞች ነን። የጾም ወቅት እዚህ ከአዲስ አበባ ካፌ ይቀላል፣ ካምፓሱ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ተማሪ ሞልቷል። ዕቃው ላይ ቪጋን የሚል ካለ ይጾማል። ጤፍ ደግሞ ሆላንድም ይበቅላል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞበት ስንት ዓመት አንገብግቦናል፣ በ2018 ዘ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ውድቅ አድርጎታል። ዱቄቱን ዛሬ ያለ ቁጣ መግዛት ይቻላል፣ ዋጋው ግን ያስቆጣል። የተጋገረ እንጀራ ከፈለጋችሁ አምስተርዳም ወይም ሮተርዳም ያሉ የሐበሻ ሱቆች ሂዱ። እንቁጣጣሽ ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ፣ ገና ደግሞ ከእረፍት ማግስት ይውላል፣ ዝግ ስለማይሆን ምሽቱን አክብሩት።

ሥራ መሥራት ይፈቀዳል፦ ወይ በሳምንት 16 ሰዓት፣ ወይ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ሙሉ ሰዓት። የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ቀጣሪው ነው። «ያለ ወረቀት ጀምሩ» የሚል ካለ እናንተ ናችሁ የምትጎዱት። ሥራ እንደጀመራችሁ የሆላንድ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ይሆናል፣ በዚያው የመንግሥት ድጎማውንም አመልክቱ።

ስትመረቁ የአንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ ፈቃድ አለ። ተመርቃችሁ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ትችላላችሁ፣ አገር ቤት ገብታችሁም ቢሆን። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢንተርንሺፕ ከሠራችሁበት ቦታ ነው። ስለዚህ ኢንተርንሺፑን የምትፈልጉበትን ኢሜይል ቴሲሱ ሳያልቅ መጻፍ ጀምሩ፣ መልስ ካልመጣም በሳምንቱ ደግማችሁ ጻፉ።