ውጭ ሠርቶ ለቤተሰብ መላክ፣ ለራስም ማስቀረት፦ ከ11 ዓመት የተማርኩት

ሰው አገር አዛውንቶችን እየተንከባከብኩ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ደሞዜ በገባ ማግስት ከኪራይና ከቀለብ የተረፈውን ሁሉ ለእናቴና ለታናናሾቼ እልክ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ወገቤን ታምሜ ሁለት ወር ከሥራ ስቀር በስሜ የተቀመጠ አንድም ገንዘብ አልነበረኝም። ኪራዬን የከፈለችልኝ አብራኝ የምትሠራ የሌላ አገር ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ከሥሩ ቀየርኩ። አሁን ለመሄድ ለተነሳሽው ለአንቺ፣ ለታናሽ እህቴ እንደምነግራት አድርጌ ልንገርሽ። ወንድሞችም ብትሆኑ ሂሳቡ ያው ነው።

ከመሳፈርሽ በፊት

ደላላው የሚነግርሽ ደሞዝና እጅሽ የሚገባው ደሞዝ አንድ አይደሉም። እኔ ውሌ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኜ ሄጄ የመጀመሪያው ደሞዝ ሲመጣ ሲሶው የለም፤ ለመኝታ፣ ለመጓጓዣና ለግብር ተብሎ ተቆርጧል። ከመፈረሜ በፊት አልጠየቅሁም ነበር። አንቺ ጠይቂ፦ ግብር ስንት ይቆረጣል? መኝታና ምግብ በማን ነው? ብታመሚ ማን ያሳክምሻል? ትርፍ ሰዓት ይከፈላል? የመመለሻ ትኬቱን የሚችለው ማን ነው? በቃል የሚሰጥሽን መልስ እንደ መልስ አትቁጠሪው። ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በምታነቢው ቋንቋ አንድ ቅጂም ይኑርሽ።

በቤት ሠራተኝነት የምትሄጂ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት ይመለከትሻል። ድንበር ከመሻገርሽ በፊት የጽሑፍ ውል ወይም የጽሑፍ የሥራ ጥሪ እንዲደርስሽ፣ ፓስፖርትሽም በራስሽ እጅ እንዲቆይ ይደነግጋል። ያላጸደቁት አገሮች ካጸደቁት ይበዛሉና የምትሄጂበት አገር ከየትኞቹ እንደሆነ አጣሪ። ከየትኞቹም ቢሆን የፓስፖርትሽን፣ የቪዛሽንና የውልሽን ፎቶ ከስልክሽ ውጪ በኢሜይልሽ ውስጥ አስቀምጪ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለምታምኚው ሰው ትተሽ ሂጂ። ስልክ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ይቀማል።

ከዚያ አንድ ሂሳብ በወረቀት ሥሪ። ለጉዞው የምታወጪውን ሁሉ፣ ብድር ካለበት ከነወለዱ ደምሪና ከወጪሽ በኋላ በየወሩ ይተርፈኛል ለምትዪው አካፍዪው። የሚመጣው ቁጥር ለዕዳ ብቻ የምትሠሪበት ወር ነው። ውልሽ 24 ወር ሆኖ መልሱ 10 ከወጣ፣ ለቤተሰብሽም ለራስሽም የሚቀርሽ 14 ወር ነው። 15 ከወጣ እኔ ብሆን አልሄድም፤ ወይ ርካሽ መንገድ እስካገኝ እቆያለሁ። ኤጀንሲው የማስቀጠሪያ ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅሽም ወዲያው አትክፈዪ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስዱ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በአገርሽ ሕግ የትኛው ወጪ የአሠሪው፣ የትኛው የአንቺ እንደሆነ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደሽ ጠይቂ።

ቤተሰብሽን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያቸው

ከሁሉ በላይ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» እላታለሁ። ጎድሎብኝ ነበር። የምልከው ፎቶም ሁልጊዜ ጥሩ ልብስ የለበስኩበት፣ ጥሩ ሕንፃ አጠገብ የቆምኩበት ነው። እሷ ያንን ይዛ ለዘመድ ሕክምና ቃል ትገባለች፣ ለጎረቤት ታበድራለች። ሰው ሁሉ «ልጅሽ እኮ ውጭ ናት» ይላታል። እናቴ ስግብግብ ሆና አይደለም። ስለ ኑሮዬ የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ብቻ ነው፤ የነገርኳት ደግሞ እውነቱን አይደለም።

ከሕመሜ በኋላ የአንድ ወር ሂሳቤን በአንድ ገጽ ጻፍኩ፦ እጄ የገባው፣ ኪራይ፣ ቀለብ፣ መጓጓዣ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ የቀረው። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለትና አንብብላት አልኩት። በማግስቱ ደወለች። «ግማሹ ይበቃናል። ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ንግግር አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ስለዚህ አንቺ ሳትሄጂ ተነጋገሪ። በየወሩ ስንት እንደምትልኪ፣ በስንተኛው ቀን፣ ለምን ለምን እንደሚውል አብራችሁ ወስኑ። ዕዳው እስኪያልቅ ትንሽ እንደምትልኪ አስቀድመው ይወቁ፤ በኋላ ሲሰሙት እንደ መቀነስ ይታያቸዋል። የዘመድ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ሰው በኩል ይምጣ። የእኔው ሁለተኛው ወንድሜ ነበር። ሕመምና ለቅሶ በዚያው ቀን ይነግረኛል፣ ሌላው ለእሑድ ስልክ ይቆያል። እሑድ ሲደርስ ከተጠየቀው ብዙው በሌላ መንገድ መፍትሔ አግኝቶ ይገኛል። ከዚህ ሌላ የአንድ ወር መላኪያ የሚያህል ገንዘብ በእናቴ ሂሳብ እንዳይነካ አስቀመጥን፤ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ከዚያ ይወጣል፣ እኔ በቀጣዩ ደሞዜ እተካለሁ። በሌሊት ተነስቶ ብር ፍለጋ መሯሯጥ በዚህ ቀረልኝ።

የራስሽን ድርሻ አስቀድሚ

ከተላከ በኋላ የሚተርፈውን እቆጥባለሁ ካልሽ አይተርፍም። እኔ ደሞዝ በገባበት ቀን አንድ አሥረኛውን ባንኩ ራሱ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲያዞርልኝ አደረግሁ፤ ካርድም አላወጣሁለትም። አንድ አሥረኛው ከከበደሽ ከዚያ ባነሰ ጀምሪ፣ ግን ከመጀመሪያው ደሞዝ ጀምሪ። መጀመሪያ የሚሞላው የሦስት ወር ኪራይና ቀለብ፣ በላዩም የመመለሻ ትኬት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ያላት ሴት ከክፉ አሠሪ መለየት ትችላለች። ይኼኛው በምትሠሪበት አገር ገንዘብ፣ በምትሠሪበት አገር ይቀመጥ፤ ችግር ሲመጣ የምትከፍዪው በዚያ ነውና። ከዚያ በላይ ያለውን ከፋፍለሽ አስቀምጪ። የአንዱ አገር ገንዘብ ዋጋው ቢወርድ ሁሉም አብሮ አይወርድብሽም።

ስትልኪ

የመላክ ወጪ ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። አንደኛው የአገልግሎት ክፍያው ነው። ሁለተኛው ምንዛሪው ውስጥ የተደበቀው ነው፤ ላኪው ድርጅት ከገበያው ዝቅ ባለ ምንዛሪ ሲመነዝርልሽ ልዩነቱ ለእሱ ይቀራል። «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ ወደ ምንዛሪው ተመልከቺ።

በምሳሌ ልሥራልሽ። 200 ዶላር ስትልኪ ክፍያው 5 ዶላር፣ በምንዛሪ የሚቀረው 3 በመቶ ነው እንበል። 5 እና 6፣ በድምሩ 11 ዶላር ሄደ፤ ይህ 5.5 በመቶ ነው። ያንኑ ገንዘብ በየሳምንቱ 50፣ 50 አድርገሽ በአራት ብትልኪው ክፍያው 20 ይሆንና በድምሩ 26 ዶላር፣ ማለትም 13 በመቶ ይሄዳል። ወርን ጠብቆ በአንዴ መላክ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የዓለም ባንክ የመላኪያ ዋጋን የሚከታተለው በ200 ዶላር ነው፤ የዓለም አማካይ ከ6 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች ሊያደርሱት ተስማምተዋል። የምትከፍዪው 8 ወይም 10 በመቶ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጊ። ሦስት ቦታ ሄደሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ዛሬ 200 ብከፍል በአገራቸው ገንዘብ እጃቸው የሚገባው ስንት ነው?» ትልቁን ቁጥር የሰጠሽ ርካሹ ነው። ደረሰኙን አትጣዪ።

ቤትና መሬት

አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ስድስት ዓመት ለቤት ግንባታ ልካ፣ ስትመለስ ሰነዱ በእሷ ስም አልነበረም። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም። እሷ ስላልነበረች «ለጊዜው» ብሎ በስሙ አወጣው፤ ከዚያ አገባ፣ ልጆች መጡ። ውክልና ስትሰጪ ጠቅላላ ውክልና አትስጪ። የሚገዛው ምን እንደሆነ፣ በአንቺ ስም እንደሚመዘገብ፣ መሸጥና ማስያዝ እንደማይቻል የሚዘረዝር ልዩ ውክልና ስጪ። የመጨረሻውን ክፍያም የምዝገባውን ሰነድ ሳታዪ አትላኪ። ወንድምሽን አላመንሽውም ማለት አይደለም፤ ነገ በሚስቱና በልጆቹ ፊት እንዳይቸገር ነው።

የደሞዝ ወረቀቶችሽን አስቀምጪ

በአንዳንድ አገሮች ለጡረታ የተቆረጠብሽ ገንዘብ ስትወጪ ይመለሳል፣ በአንዳንዶቹ ሁለቱ መንግሥታት በተዋዋሉት መሠረት ይታሰብልሻል፣ በሌሎቹ ይቀራል። ሥራ ስትጀምሪ ጠይቂ፤ አገሩን ከመልቀቅሽ በፊትም ደግመሽ ጠይቂ፣ ማመልከቻው የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላልና። ለማንኛውም ማስረጃሽ የደሞዝ ወረቀት ነው። እኔ በአንድ ፋይል 130 ወረቀት ይዤ ተመለስኩ፤ ከ132ቱ የጎደሉት ሁለቱ የታመምኩባቸው ወራት ናቸው። ለእነዚያ የሐኪሙን ማስረጃ በቦታቸው አስገብቻለሁ፣ ሥራውን ትቼ እንዳልሄድኩ እንዲያሳይልኝ።